ፊቱ ለአስፋልት፣ ጀርባው ለሰፈር

ባለሀብት ፕላን ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳየን ቦታውን አይደለም። ስልኩን ያወጣና ፎቶ ከፍቶ «እንደዚህ አድርጋችሁ» ይላል። ፎቶው ላይ ያለው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ የቆመ ባለ ሰማያዊ መስታወት ሕንፃ ነው። ቦታው ወዴት ይዞራል፣ ፀሐይ ከየት ትመታዋለች፣ የክረምት ጎርፍ በየት ይወርዳል የሚለው ሳይነሣ ሥራው ይጀመራል። ይህን እኛ የግንባታ ሰዎች ሻይ ላይ እርስ በርሳችን እናወራዋለን እንጂ ለባለቤቱ ደፍረን አንነግረውም። እናንተ ግን የሉማሜ ሰዎች ናችሁ፤ ዛሬ ባይሆን ነገ በዚሁ ከተማ ቤት ትሠራላችሁ። ስለዚህ ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ።

ፎቶው ከታየ በኋላ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ የቆየ ፕላን ይከፈታል። የባለቤቱ ስም ይቀየራል፣ ደረጃው ከግራ ወደ ቀኝ ይዛወራል፣ ቦታው ከጠበበ አንድ ረድፍ ኮለን ይቀነሳል። ማኅተም ይመታበትና ማዘጋጃ ቤት ይገባል። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃን በሦስት ምድብ ከፍሎ የሕንፃ ሹም እንዲያየው ሲደነግግ ለሰው ሕይወት አስቦ ነበር፤ እኔም አከብረዋለሁ። በተግባር ግን ጠረጴዛው ላይ ክርክር የሚነሣው ስለ ኮለኑ ውፍረት፣ ስለ ፌሮው ቁጥር፣ ስለ ሶሌታው ነው። «ዝናብ ሲመጣ ሰው የት ይጠለላል?» ብሎ ፕላን የመለሰ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

የማልወደው ሕንፃ የቱ እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ ስም አልጠራም፤ ይህ ዓይነቱ ሁሉ ነው። ሉማሜ አስፋልት ዳር አለ፤ ደጀንም፣ ቢቸናም፣ ሞጣም አለ። ፊቱ መስታወትና ክላዲንግ ነው። ዞር ብላችሁ ጀርባውን ስታዩት ያልተለሰነ ብሎኬት፣ የተንጠለጠለ የፍሳሽ ቱቦ፣ ሳይቆረጥ የቀረ የዛገ ፌሮ ታገኛላችሁ። መስታወቱ የከሰዓቱን ፀሐይ እየሳበ ክፍሉን ያግለዋል፤ ተከራዩም ቶሎ ብሎ ካርቶን ይለጥፍበታል። በስንት ብር የተገዛ ብርሃን በካርቶን ይሸፈናል ማለት ነው። ከፊቱ በረንዳ የለም፤ ክፈፍም የለም። ሐምሌ ላይ መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ዝናቡ ሲወርድ ወደዚያ ሕንፃ አይሮጥም፤ ጎኑ ወዳለው አሮጌ የጭቃ ቤት ይሮጣል። ያ ቤት ልስኑ ተልጦ ማገሩ ቢታይም ቆርቆሮው አንድ ክንድ ያህል ወጣ ያለ ነው። ሠሪው ክፈፉን ያስረዘመው የጭቃው ግድግዳ እንዳይታጠብበት ነበር፤ በዚያው ለማያውቀው መንገደኛ መጠለያ ሠራ።

ባለቤቱ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ነገሩ ኪራይ ነው። ምድሩን ባንክ እንዲይዝለት ይፈልጋል፤ ባንክ ደግሞ ከመንገድ የሚታይ ፊት ይፈልጋል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ፊት ለፊቱ ይሄዳል። ሲሚንቶውና ፌሮው ሲወደድ ብሩ መሐል ላይ ያልቃል፤ ሳይሠራ የሚቀረው ጀርባው ነው። ከጀርባው ግን ሰፈር አለ። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች በየማለዳው በራቸውን ሲከፍቱ ያንን ያልተለሰነ ብሎኬት ነው የሚያዩት፤ ልጆቻቸውም የሚያድጉት እሱን እያዩ ነው። እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው።

አሁን ስለምወደው ላውራ። የአገራችን ክብ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የለውም። በየትኛውም በኩል ብትመጡ የሚቀበላችሁ ፊቱ ነው። ክቡ የሚጣለው በካስማና በገመድ ነው፤ ሥራው ከመካከሉ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይሰፋል። መካከሉ ታቦቱ ያለበት መቅደስ ነው፤ ቀጥሎ ሕዝቡ የሚቆርብበት ቅድስት፤ ከዚያ ደብተራው የሚያሸበሽብበት ቅኔ ማኅሌት። የመቅደሱን ግድግዳ የሚሸፍኑት ሥዕሎች በብዙ ቦታ የተሣሉት በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። ሥዕሉን ለማየት መዞር አለባችሁ፤ አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉን ማየት አይቻልም። በልጅነቱ እናቱ እጁን ይዛ ያዞረችውን ሰው ስለዚያ ሕንፃ ብትጠይቁት ስለ ጣሪያው ቅርጽ አይነግራችሁም፤ ዞሮ ያያቸውን ቅዱሳን በየተራ ይነግራችኋል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዘመን ያስተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ እንዲህ እየዞረ አደገ!

በዚህ ላይ በሙያው ውስጥ ቀስ ተብሎ የሚወራ ነገር አለ። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲለወጥ የማኅሌቱ ድምፅም አብሮ ተለወጠ። ሣር የዝናቡን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል፤ ቆርቆሮ ግን ዶፍ ሲወርድበት የመሪጌታውን ድምፅ ያፍነዋል። በካህናቱ አልፈርድም፤ ሣር በየጊዜው ይበሰብሳል፣ እሳት ይፈራል፣ ሰንበሌጡም እንደ ድሮው አይገኝም። የምፈርደው በእኛ በባለሙያዎች ነው፤ ቆርቆሮውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀን ከመምታት ሌላ መንገድ አልፈለግንም። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር ፍራንሲስ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2001 ትምህርት ቤት ሲሠራ የተጠቀመው በዚሁ እኛ በምንንቀው ቆርቆሮ ነው። ጣሪያውን ከሸክላው ኮርኒስ ከፍ አድርጎ በቀጭን ብረት አቆመው፤ ሞቃቱ አየር በመካከል ወጥቶ እንዲሄድ አደረገ፤ ክፈፉንም አርቆ ዘረጋው። የመንደሩ ሰው ራሱ ጡብ መታ፣ ወለል ደበደበ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኬሬ የፕሪትዝከር ሽልማትን ሲቀበል ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ቆርቆሮና ሸክላ ሉማሜም አለ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ቤት አይደለም፤ ከሞጣ ወርዶ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ጎጃምን ከበጌምድር አገናኘ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከለኛው ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከወዲያና ከወዲህ ሰዎች ቆመው ገመድ እየጎተቱ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በአየር ላይ እየተንጠለጠለ ተሻገረ፤ ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ። የዚህ መሻገሪያ ፎቶ አሜሪካ ውስጥ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ኬን ፍራንትዝ የተባለ የግንባታ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2001 አየው፤ በዓመቱ መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ክፍተቱን በብረት ዘጋው። ለድሃ አገር መንደሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። ብረቱን በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ዛሬ ሰው የሚያልፈው በተንጠልጣይ ድልድይ ነው። የድንጋዩ እግሮች ግን ዛሬም ቆመዋል። አንድ የተሰበረ ቅስት ከጎጃም ተነሥቶ በሌላው ዓለም ስንት መንደር አሻገረ!

ከሉማሜ አዲስ አበባ ስትወርዱ የምታልፉበትን የደጀኑን የኅዳሴ ድልድይም አከብራለሁ፤ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተ፣ 303 ሜትር የሚረዝም ጥሩ ሥራ ነው። ግን በመኪና ውስጥ ሆነን ነው የምናልፈው፤ ሰውነታችን የሚያውቀው ነገር የለም።

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሕንፃ ላነጻጽርላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በቻይና ገንዘብ፣ በ200 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቷል። ከፍታው 99.9 ሜትር የሆነው ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን፣ ለማሰብ ነው። ቁጥሩ ካልተነገራችሁ ግን ግንቡን አይታችሁ ያንን ቀን አታስቡም። እ.ኤ.አ. በ1961 ወደተከፈተው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ ወደነደፈው አፍሪካ አዳራሽ ስትገቡ ደግሞ ማንም ሳያስረዳችሁ ትቆማላችሁ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ብርሃኑን ቀይና ቢጫና አረንጓዴ አድርጎ ያወርድባችኋል፤ የአህጉሪቱን ያለፈ መከራ፣ የዛሬ ትግልና የነገ ተስፋ በሦስት ክፍል ይዟል። የሉማሜውም መስታወት ነው፣ የአፈወርቅም መስታወት ነው። የሉማሜው መንገደኛ እንዲያየው የተለጠፈ ነው፤ የአፈወርቅ ከውስጥ ለሚቆመው ሰው የታሰበ ነው።

እኛ የሙያው ሰዎች ስንሰበሰብ በየትኛው ሕንፃ እንደምንስማማ ታውቃላችሁ? ሰው አንድ ነገር ባደረገበት ሕንፃ ነው፤ ዞሮበት፣ ተጠልሎበት፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶበት፣ ተጎትቶ ተሻግሮበት። ቁመቱን ማንም አያነሣም። ፎርማኖቻችን እንኳ በገዛ እጃቸው ካቆሟቸው ፎቆች ይልቅ የሚያነሡት መርጡለ ማርያም ያለውን የንግሥት እሌኒን ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ነው፤ የተጠረበው ድንጋይና የተቀረጸው ጌጥ ሄደው በእጃቸው የዳሰሱት ስለሆነ።

እንግዲህ ሉማሜ ላይ ልትሠሩ ያሰባችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። ፕላኑን ስትረከቡ በስልካችሁ ካለው ፎቶ ጋር ለማመሳከር አትቸኩሉ። የጀርባውን ገጽ የሚያሳየውን ወረቀት መጀመሪያ አውጡት፤ ባዶ ከሆነ መልሱት። ክፈፉ ስንት ሴንቲሜትር ይወጣል ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ሜትር እንዲሆን ተከራከሩ። የከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በኩል መስታወቱን ቀንሱና ለዚያ የመደባችሁትን ብር ለጀርባው ልስን አውሉት። እኛ ነዳፊዎቹ ይህን ብትጠይቁን አንቆጣም። ብዙዎቻችን የሚጠይቀን አጥተን ነው።