የከብት መንጋጋ እብጠት፦ ሳይፈርጥ ሊታከም የሚገባው በሽታ

ከሩቅ ሲታይ በሬው ጤነኛ ነው። ይግጣል፣ ያመሰኳል፣ ቀንበርም ይሸከማል። ፊት ለፊቱ ቆሞ ሁለቱን ጉንጮቹን ያነጻጸረ ሰው ግን በአንደኛው ወገን፣ በታችኛው መንጋጋው ላይ የሎሚ ያህል ጉብታ ሊያይ ይችላል። ብዙውን ጊዜ “ሌላ በሬ ወግቶት ነው፣ ይጠፋል” ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን አይጠፋም። በሳምንታትና በወራት ውስጥ እያደገ ይሄዳል፤ ጥርሱን ያነቃንቃል፣ ፈርጦ መግል ያወጣል። በሬው ገለባ ማኘክ ሲያቅተው ይከሳል፣ የእርሻ ወቅት ሲደርስም ጥማዱ ይጎድላል።

ይህ በሽታ በሳይንሳዊ መጠሪያው አክቲኖማይኮሲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1877 ቦሊንገር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በከብት መንጋጋ ላይ ያለውን ሕመም ሲገልጽ፣ ባልደረባው ሃርዝ ደግሞ ለተህዋሲው አክቲኖማይሰስ ቦቪስ የሚል ስም ሰጠው። ለረጅም ጊዜ ሻጋታ ነው ተብሎ ይታሰብ የነበረ ቢሆንም ባክቴሪያ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ተህዋሲው ከሩቅ የሚመጣ አለመሆኑ ነው፤ በጤነኛ ከብት አፍ ውስጥም ይኖራል። ጉዳት የሚያደርሰው የአፍ ውስጥ ቆዳ ሲቆስልና ወደ መንጋጋ አጥንት የሚገባበት ቀዳዳ ሲያገኝ ነው።

ቀዳዳውን የሚከፍተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መኖው ነው። እንደ መርፌ የሾለ የገብስ ጢም የበዛበት ገለባ፣ እሾህ የተቀላቀለበት ድርቆሽ፣ ደርቆ የተሰነጠቀ አገዳ ድድንና ጉንጭን ይወጋሉ። በደጋው የገብስ አገር ከብቱ በበጋ የሚውለው በዚሁ ገለባ ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጥርስ መቀየር ነው። በሽታው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ በብዛት የሚታየው የወተት ጥርስ ወልቆ ቋሚው ሲበቅል ድዱ ስለሚከፈት ነው። ይህ ዕድሜ ወይፈኑ ለቀንበር የሚገራበት መሆኑን ለአርሶ አደር መንገር አያስፈልግም።

በሽታውን ለመለየት ከሁሉም በፊት የሚጠቅመው ጣት ነው። እብጠቱን በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ከቆዳው ጋር ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ለስለስና ሞቅ ያለ ከሆነ፣ የመግል እብጠት ወይም ያበጠ ንፍፊት ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ አጥንት እብጠት ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ከአጥንቱ ጋር አንድ ስለሆነም አይንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በመንጋጋ ጥርሶቹ ትይዩ ሲሆን፣ ከላይኛው ይልቅ የታችኛውን መንጋጋ ያጠቃል። ቆይቶ ሲፈርጥ ማር የመሰለ፣ የሚያጣብቅና ብዙም የማይሸት መግል ይወጣዋል፤ በመግሉ ውስጥ አሸዋ የመሰሉ ቢጫ ፍሬዎች ይታያሉ። አንዱ ቀዳዳ ሲደርቅ ሌላው ይከፈታል።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሕመሞች አሉ። በአገጭ ሥር የተንጠለጠለ፣ ሲጫኑት የጣት አሻራ የሚያስቀር ለስላሳ እብጠት በአብዛኛው የጉበት ትል ወይም ደም የሚመጥ የሆድ ትል ምልክት ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ምላሱ እንደ እንጨት ደድሮ ለሃጩ የሚዝረከረክ ከብት ሌላ ባክቴሪያ የሚያመጣው የምላስ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህኛው ቶሎ ከታከመ በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። በጉንጭና በጥርስ መካከል የተጠቀጠቀ መኖም ከውጭ እብጠት ይመስላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ለሃጩ የሚዝረከረክን ከብት አፍ በባዶ እጅ መክፈት አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታም ከብትን እንዲሁ ያዝረከርካል።

በየቀበሌው የተለመደው መፍትሔ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በምላጭ መብጣት ነው። ሁለቱም ለዚህ በሽታ አይሆኑም። ተህዋሲው ያለው አጥንቱ ውስጥ ስለሆነ ትኩሱ ቆዳውን ከማቃጠል በቀር አይደርስበትም። የተበጣው ቁስል ደግሞ ለሌላ ተህዋሲና ለዝንብ በር ይከፍታል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጠፋው ጊዜ ነው፤ እብጠቱ ሎሚ ሳለ ሊታከም የሚችለው ከብት ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ጥርሱ ከተነቃነቀ በኋላ ነው።

ሕክምናው ሁለት መድኃኒቶችን ያጣምራል። አንደኛው በደም ሥር በዝግታ የሚሰጥ ሶዲየም አዮዳይድ ነው። መጠኑ በአንድ ኪሎ ግራም የከብቱ ክብደት 70 ሚሊ ግራም ነው፤ 280 ኪሎ ግራም ለሚመዝን በሬ 20 ግራም ገደማ፣ ማለትም በ10 ከመቶ ከተዘጋጀው ፈሳሽ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ እንደ ሁኔታው ሊሠልስም ይችላል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ስለሚያቆስል የባለሙያ ሥራ ነው። ዓይኑ ካነባ፣ ካሳለው፣ ቆዳው ከፈረፈረና መኖ ከጠላ አዮዳይኑ በዝቶበታልና ይቋረጣል። ላሟ ያረገዘች ከሆነ ማስወረድ ሊያስከትል ስለሚችል ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሁለተኛው መድኃኒት እንደ ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለ ጸረ ተህዋሲ ሲሆን፣ መደበኛ ኮርሱን ጠብቆ ለተከታታይ ቀናት መሰጠት አለበት። “አንዴ ተወጋ፣ አልዳነም” የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ኮርሱ ሳይጠናቀቅ ከመቅረቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የተሳካ ሕክምና እንኳ ያበጠውን አጥንት ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመልስም። የሚጠበቀው እድገቱ እንዲቆምና ቀዳዳው እንዲደርቅ ነው። ከብቱ በደንብ የሚያኝክ ከሆነ ጉብታው ቀርቶም ለዓመታት ሊያርስ ይችላል። ጥርሱ የተነቃነቀና መግሉ የበዛ ከሆነ ግን ሥጋው ሳይከዳው ለዕርድ ማቅረብ የተሻለ ነው፤ መድኃኒት ከተወጋ ደግሞ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን እስኪያልፍ ወተቱም ሥጋውም ለምግብ አይውልም። በዕርድ ጊዜ ሥጋ መርማሪው ሊያየው ይገባል። በሽታው በጭንቅላቱ ብቻ ከተወሰነ የሚወገደው ጭንቅላቱ ነው፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ተሰራጭቶ ከተገኘ ግን ውሳኔው ይከብዳል።

በሽታው እንደ አፍተግር በመንጋ ውስጥ የሚዛመት አይደለም። ሆኖም መግል የሚያወጣ ከብት ገንዳውንና ግጦሹን ስለሚበክል ለብቻው መመገብ አለበት። ቁስሉን የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ፤ መግል የነካው ጨርቅ ይቃጠል። ገለባውን ከመስጠት በፊት እሾሁን መልቀም፣ ጢም የበዛበትን በውኃ አርሶ ማለስለስ፣ ከተቻለም ጥርስ ለሚቀይሩ ወይፈኖችና ጊደሮች ለስላሳውን የጤፍ ጭድ ማስቀደም ወጪ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

ለወረዳ የእንስሳት ጽሕፈት ቤቶች የሚቀረው ሥራ ሌላ ነው። ለትልና ለወረርሽኝ በሽታዎች መድኃኒትና ክትባት በየዓመቱ ሲጠየቅ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስፈልገው ሶዲየም አዮዳይድ ከዝርዝሩ በቀላሉ ይረሳል። የሚቀጥለው የግዥ ጥያቄ ከመላኩ በፊት በክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ ስንት ጠርሙስ እንዳለና የአገልግሎት ዘመኑ እስከ መቼ እንደሆነ ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የጤና ኬላ ባለሙያዎችም ለክትባት በሚወጡበት ቀን፣ ከብቱ በበረት ተይዞ ሳለ፣ የእያንዳንዱን መንጋጋ በእጃቸው ዳሰስ ቢያደርጉ እብጠቱን ገና ሎሚ ሳለ ያገኙታል። አጠራጣሪ ሲሆንም ከመግሉ በንጹሕ ዕቃ ናሙና ወስዶ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል።