የፀሐይ መብራት መቆጣጠሪያዋ፤ በመተማ ሱቅና በታሪፍ መጽሐፍ

ከጎንደር ተነሥቶ ጭልጋንና ገንዳ ውኃን አልፎ ወደ መተማ ዮሐንስ ቆላ የወረደ መንገደኛ በየሱቁ ደጃፍ የተደረደረውን የሶላር ዕቃ ሲያይ፣ ፓኔሉን በስፋቱ፣ ባትሪውንም በክብደቱ ያደንቃል እንጂ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ሁለቱንም የምትገዛውን፣ ከዳዊት መጽሐፍ የማትበልጠውን ኮንትሮለር ልብ ብሎ አያያትም።

በሆድዋ ያለችው አሳቢ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች፤ አስሊውን፣ ማስታወሻውንና መግቢያ መውጫውን በአንዲት ቺፕ ያጠቃለለች ናት፤ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የመጀመሪያዪቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በ1974 ለገበያ አቀረበ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ፣ አንድ የሱቅ ልጅ «ጋሼ፣ ይህች ተበላሽታለች መሰለኝ፤ 14.4 ቮልት መድረስ ሲገባት ከ14 አትዘልም» ብሎ አሳየኝ። አልተበላሸችም፤ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በሙቀት ጊዜ ከልክ በላይ እንዳይፈላ፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 24 ሚሊቮልት ያህል እየቀነሰች የቆላውን አየር ታከብር ነበር። እርሷን ገሸሽ አድርገው ፓኔሉን በቀጥታ ከባትሪው የሚያገናኙ ሰዎች የባትሪያቸውን ዕድሜ በገዛ እጃቸው ያሳጥራሉና ሊታረሙ ይገባል።

የእኔ ልብ ይበልጥ የተያዘው ግን ኬላ ላይ በሚጠብቃት የስም ምሥጢር ነው። ብዙ ሰው «ኮንትሮለር ያው ኮንትሮለር ነው፤ ቀረጡም አንድ ነው» ይላል፤ ይህ ስሕተት ነው። መቀመጫው በብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚጠብቀው፣ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበትና ነጋዴው ኤች ኤስ ኮድ የሚለው ሥርዓት ለዓለም ሸቀጥ ሁሉ ባለ6 አኃዝ ስም ያወጣል። ቺፕዋ ራቁትዋን ስትመጣ 8542.31 ናት፤ የምዕራፍ 85 ማስታወሻም ለዚህ አንቀጽ፣ ከአንድ አንቀጽ በቀር፣ በሌሎች ሁሉ ላይ ቅድሚያ ስለሚሰጠው፣ ነገ የምትገባው በመኪና ሆድ ይሁን በወፍጮ ሆድ ስምዋ አይናወጥም። ያቺው ቺፕ የፋብሪካ ማሽን የሚያዝ ፕሮግራመብል ኮንትሮለር ውስጥ ከተበየደች ግን ዕቃው 8537.10 ተብሎ ይጠራል፤ የእርስዋም የቀድሞ ስም፣ ሰው ሲመነኩስ የዓለም ስሙ እንደሚቀር፣ ይቀራል። ወደ ሶላር ኮንትሮለር ስንመጣማ፣ የጎንደር መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ እንደሚያበጥሩት ማበጠር ግድ ነው፤ የኤሌክትሪክን ኃይል ከአንድ መጠን ወደ ሌላ ትለውጣለችና 8504፤ አንድም መጠኑን ለክታ በራስዋ ታስተካክላለችና 9032። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ታሪፉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ሳይሆን ግብሩ ምን እንደ ሆነ ነው።

የአኃዙ ልዩነት ወደ ኪስ ይወርዳል። የኢትዮጵያ የጉምሩክ ቀረጥ ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል፤ በዚያም ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ዕቃውንና ቀረጡን ደምሮ ይሰላል። ለአብነት የ1,000 ብር ዕቃ 5 በመቶ ቢቀረጥ፣ ሌሎቹን ግብሮች ትተን፣ 1,207.50 ይሆናል፤ 20 በመቶ ቢቀረጥ 1,380።

ታላላቆቹ መንግሥታትም የሚከራከሩት በዚሁ አኃዝ ነው። በ1996 በሲንጋፖር የተስማሙት አገሮች በቺፕ ላይ ቀረጥን ሲያስቀሩ፣ አሜሪካ በ2018 ከቻይና በሚገባ ቺፕ ላይ 25 በመቶ ጣለች፤ በ2025 መባቻም 50 አደረሰችው።

እኔም አንድ ጊዜ 2 ካርቶን ኮንትሮለር አስመጥቼ፣ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ በዲክላራሲዮኑ ላይ «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» ብሎ ብቻ ስለ ጻፈ፣ ዕቃዬ በፀሐይ ላይ 2 ቀን ዋለ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለአንድ ሰው ስሙን ሲጠይቁት «ፍጡር ነኝ» ብሎ እንደ መመለስ ነው። በ3ኛው ቀን ወረቀቱን ወስጄ «የፀሐይ ባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያ፣ 12 እና 24 ቮልት፣ 20 አምፔር፣ የባትሪውን ቮልትና ሙቀት ለክቶ መሙያውን በራሱ የሚያስተካክል» ብዬ ጻፍሁ፤ መርማሪው አንዱን ካርቶን ከፍቶ፣ ትንሽዋን ሣጥን ገልብጦ ጀርባዋን አነበበና መጽሐፉን ገለጠ።