ደጋ ላይ መርዛማ ትነት ሲለካ

ጋራዥ ውስጥ ቀለም የሚረጭ፣ ማደያ ላይ ነዳጅ የሚቀዳ፣ በአሞኒያ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመነው በአፍንጫው ነው። አፍንጫ ግን ይለምዳል፤ ጠዋት የከረፋው ቲነር ረፋድ ላይ አይሸትም። ነዳጅ ውስጥ ያለውና ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠው ቤንዝንማ ገና ሳይሸት ከሚመከረው መጠን ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል። ቀላሉ፣ ሁለት ጫፉ የታሸገ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። ጫፎቹ ተሰብረው ከእጅ ፓምፕ ጋር ይገጠማል፤ ፓምፑ አንድ ጊዜ ሲጨመቅና ሲለቀቅ 100 ሚሊ ሊትር አየር ይስባል። ትነቱ ቱቦው ውስጥ ያለውን ዱቄት ሲነካ የዱቄቱ ቀለም ይለወጣል፤ የአሞኒያው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ። ቀለሙ የደረሰበት መስመር መጠኑን በፒፒኤም ይናገራል፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ስንቱ እንደሆነ ነው።

ቱቦው ላይ ያለው ቁጥር የተሰመረው ግን ለባሕር ጠለል አየር ነው። እዚያ ግፊቱ 1,013 ሄክቶፓስካል ሲሆን ጎንደር ላይ 780 ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፑ ያንኑ 100 ሚሊ ሊትር ቢስብም የሚገባው የትነት ቅንጣት ያንሳል፤ ቱቦውም አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ንባቡ ጎንደር ላይ በ1.3፣ ደባርቅ ላይ በ1.4 ግድም መባዛት አለበት። ከደባርቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደን ወደ ድብ ባሕር ስንጠጋ አየሩ ስለሚወፍር ማባዣው ያንሳል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ጤንነት ተቋም ናዮሽ ለአሞኒያ የሚመክረው የሥራ ቀን አማካይ ጣሪያ 25 ፒፒኤም ነው። ጎንደር ላይ ቱቦው 20 ቢያሳይ ደኅና ይመስላል፤ ሲስተካከል ግን 26 ነው።

የቀኑን ሙሉ አማካይ ለማወቅ ሠራተኛው ትንሽ ፓምፕ ይታጠቃል፤ አየሩ አንገትጌው ላይ በተሰካ የከሰል ቱቦ ያልፋል፤ ከሰሉ የያዘው ትነት ቤተ ሙከራ ውስጥ ይመረመራል። እዚህም የተሳበው የአየር መጠን ከቦታው ግፊት ጋር መመዝገብ አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራው ኬሚካላዊ አደጋ እንዳያስከትል እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ያለ ልኬት ግን ግዴታው መፈጸሙ በምን ይታወቃል? ደገኛው ሠራተኛ ልኬት ይገባዋል፤ ያውም የራሱን ከፍታ ያገናዘበ ልኬት።