ወደ ሲሬ ስንዛወር፦ ልጆቻችንን የት እናስተምር?

ሥራ የተዛወረ ወይም ንግድ የከፈተ ወላጅ አዲስ ከተማ ሲደርስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት ግን ከዚያ መቅደም አለበት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባኮና በነቀምቴ መካከል ወደምትገኘው ሲሬ የሚዛወርን ቤተሰብ እንመልከት።

ቀዳሚው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአካባቢው ቋንቋ ይሰጣል፤ በሲሬ በአፋን ኦሮሞ ማለት ነው። እስከ አራተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄው ላይገባው ይችላል። ቁቤ የእንግሊዝኛን ፊደል ቢመስልም ድምፁ ይለያል፤ «ኤክስ» የምንላት ፊደል እዚያ «ጠ» ናት። ስለዚህ ክረምቱን ፊደሉን እናስጠናው። በመድረሳ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለለመደ ልጅ አዲስ ፊደል እንግዳ አይሆንበትም። ከጎረቤት ልጆች ጋር መጫወቱም ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ዲን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። እንግዲያው ዲንን ማስተማር የቤትና የመድረሳ አማና ነው። ከምዝገባ በፊት ዳይሬክተሩን በአክብሮት እንጠይቅ፦ ትምህርቱ በፈረቃ ነውን? ለጁሙዓ ሶላት መውጣት ይቻላልን? ስለ ሒጃብ ደንቡ ምን ይላል? ፈረቃ ካለ ቀሪው ግማሽ ቀን ለቁርኣን ይሆናል።

በቋንቋ ሰበብ ልጅን ዘመድ ዘንድ መተው፣ ይልቁንም ሴት ልጅን ቤት ማስቀረት መፍትሔ አይደለም። መሸኛውንና የውጤት ካርዱን ይዘን በመስከረም ሳይሆን በሰኔ እንንቀሳቀስ። አላህ ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለአገራቸውም ጠቃሚ ያድርግልን፤ አሚን።