የመሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የስያሜ ለውጥን በአንድ ቦታ እንዲያስተናግድ የሚያስችል አሠራር

የወልቂጤና የቡታጅራ ከተሞች በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በጉራጌ ዞን ሥር የነበሩ ሲሆን፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫነቷን ስትቀጥል፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። እንዲህ ያለው የመዋቅር ለውጥ በመሥሪያ ቤቶች ሰነዶች ላይ የሚታተመውን የክልልና የዞን ስያሜ ጭምር መቀየርን ይጠይቃል።

ሰነዶቹ በሶፍትዌር የሚዘጋጁ ከሆነ የሥራው ክብደት የሚወሰነው በፕሮግራሙ አጻጻፍ ነው። ስያሜው በልደት ምስክር ወረቀት፣ በንግድ ፈቃድና በደረሰኝ ገጾች ላይ ለየብቻ ተጽፎ ከሆነ እያንዳንዱን ገጽ ማረም ያስፈልጋል። አንዱ ከተዘነጋ ባለጉዳዩ የተሳሳተ አድራሻ የያዘ ሰነድ ተቀብሎ ይሄዳል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው በድረ ገጽ ማበልጸጊያ ማዕቀፎች ውስጥ ሞዴል በሚባለው ክፍል ላይ የጋራ ፈንክሽን መጻፍ ነው። ሞዴል እንደ ነዋሪ ወይም የንግድ ፈቃድ ያለን ጉዳይ በመረጃ ቋት ውስጥ ካለው መዝገብ ጋር የሚያገናኝ የፕሮግራም ክፍል ሲሆን፣ ፈንክሽን ደግሞ በተጠራ ቁጥር አንድን የተወሰነ ተግባር የሚያከናውን ኮድ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ጃንጎ የተለያዩ ሞዴሎች ፈንክሽኑን ከአንድ የጋራ ሞዴል ሊወርሱት ይችላሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ላራቬል ደግሞ ትሬይት በተባለ የኮድ ክፍል አማካይነት ይጋሩታል።

ለአብነት አድራሻ የሚያዘጋጅ ፈንክሽን የከተማውን ስምና ሰነዱ የተሰጠበትን ቀን ተቀብሎ በዕለቱ ይሠራበት የነበረውን ስያሜ ይመልሳል። ስያሜዎቹ ከነመጀመሪያና ማብቂያ ቀናቸው በመረጃ ቋት ውስጥ ስለሚቀመጡ፣ በ2012 ዓ.ም. ለቡታጅራ ነዋሪ የተሰጠ ምስክር ወረቀት የቀድሞውን፣ ዛሬ የሚሰጠው ደግሞ አዲሱን አድራሻ ይይዛል።

የቀን አቆጣጠርም በተመሳሳይ መንገድ ሊሠራ ይችላል። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት በመሆኑና የጳጉሜን ወር 5 ወይም 6 ቀናት ስለሚኖሩት፣ ስሌቱን በየገጹ መደጋገም ለስህተት ይዳርጋል። ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምረውን የበጀት ዓመት የሚለይ አንድ ፈንክሽን ግን የሂሳብም ሆነ የግዥ ሪፖርቶችን ያገለግላል።

አሠራሩ ጥንቃቄንም ይሻል። በጋራ ፈንክሽን ላይ የሚፈጠር ስህተት በሚጠሩት ገጾች ሁሉ ስለሚንጸባረቅ፣ ማሻሻያ በተደረገ ቁጥር ውጤታቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ቀናትና አድራሻዎች ሊፈተሽ ይገባል።

በመሆኑም ሶፍትዌር የሚረከቡ ኃላፊዎች ከክፍያ በፊት አንድ ጥያቄ ማቅረባቸው ጠቃሚ ነው። ይኸውም “ነገ የአንድ ዞን ስያሜ ቢቀየር ስንት ቦታ ይታረማል?” የሚል ሲሆን፣ ምላሹ “አንድ ቦታ” ከሆነ አሠሪው መሥሪያ ቤት ወደፊት ከሚገጥመው ተደጋጋሚ የጥገና ወጪ፣ ባለጉዳዩም ከመመላለስ ይድናል።