መስመሩ ምድር ሲገባ ፈተናው ወደ መገጣጠሚያው ይዛወራል

ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ የሚያቀና መንገደኛ ለብዙ ዓመታት ሰማዩን ሲመለከት የኖረው በሽቦዎች መካከል ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ የኤሌክትሪክና የቴሌኮም መስመሮችን ከምሰሶ አውርዶ ወደ ምድር አስገብቷል። ለውጡ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ለመስመሩ ግን ሌላ ሕይወት ነው። በምሰሶ ላይ አንዱን ሽቦ ከሌላው የሚለየው አየር ነው። አየር ብልጭታ ቢያልፍበት እንኳ ወዲያው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ምድር ውስጥ የአየርን ሥራ የሚረከበው ፕላስቲክ ሲሆን፣ ፕላስቲክ አንዴ ከተበሳ አይድንም።

በከተማዋ ኃይል የሚያከፋፍሉት መካከለኛ መስመሮች 15 ኪሎ ቮልት ይሸከማሉ፤ በአንዱ ሽቦና በምድር መካከል ያለው ደግሞ 8.7 ኪሎ ቮልት ገደማ ነው። ለዚህ ደረጃ የሚሠራ ኬብል በአሉሚኒየም ወይም በመዳብ እምብርቱ ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖሊኤቲሊን ይለብሳል። በላዩ ከፊል አስተላላፊ ሽፋንና ከምድር ጋር የተያያዘ የመዳብ መከለያ አለ። መከለያው ሳይቆረጥ እስከ ዘለቀ ድረስ የኤሌክትሪክ መስኩ ዙሪያውን በእኩል ስለሚሰራጭ በአማካይ በአንድ ሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ቮልት አይሞላም። ፖሊኤቲሊን ይህን ያለ ችግር ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው ኬብሉ ሲቆረጥ ነው። ከትራንስፎርመር ጋር ለማገናኘት ወይም ሁለት ኬብሎችን ለመቀጠል ባለሙያው መከለያውን መግፈፍ አለበት። መስኩም የጊዮርጊስ ንግሥ ሕዝብ በአንድ ጠባብ በር እንደሚጋፋ ሁሉ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ይከማቻል። አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3 ኪሎ ቮልት ገደማ ሲደርስበት እጁን ይሰጣል። በጠርዙ ላይ የሚነሡት ጥቃቅን ብልጭታዎች ለዓይን አይታዩም፤ ለወራት ወይም ለዓመታት ፕላስቲኩን ሲበሉ ይኖራሉ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መከለያውን በሾጣጣ ቅርጽ ቀስ በቀስ ማራቅ ነው። ሁለተኛው በጠርዙ ላይ ልዩ ቱቦ ማልበስ ሲሆን፣ ቱቦው የሴራሚክ ወይም የካርቦን ዱቄት የተደባለቀበት ፖሊመር ነው። የዚህ ቱቦ ምስጢር ፐርሚቲቪቲ የሚባለው ባሕርይ ነው፤ ይኸውም አንድ ቁስ በኤሌክትሪክ መስክ ሥር ሲሆን በውስጡ ያሉት ሙላቶች ምን ያህል እንደሚላወሱ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ባዶ ቦታ 1፣ ፖሊኤቲሊን 2.3፣ ባሪየም ታይታኔት የተባለው ሴራሚክ ከ1000 በላይ ነው። መስኩ ከፍተኛ ፐርሚቲቪቲ ባለው ቁስ ውስጥ ስለሚላላ፣ ልኩ 20 ገደማ የሆነ ቱቦ በጠርዙ ላይ የተከማቸውን ጫና ወደ ጎን ዘርግቶ ያለዝበዋል።

ታዲያ 20 ላይ መድረስ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ከፖሊኤቲሊን ይዘት አንድ አምስተኛውን በዚያ ሴራሚክ ቢተኩት ውጤቱ ከ200 በላይ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል። ማክስዌል ጋርኔት እ.ኤ.አ. በ1904 ባወጣው ቀመር መሠረት ተራርቀው ለተበተኑ ክብ ቅንጣቶች የሚገኘው 4 ገደማ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቅንጣት የከበበው ፖሊመር ቮልቴጁን በአብዛኛው ለራሱ ይወስደዋል፤ ሴራሚኩ በመካከል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ዱቄቱን እያበዙ ቢሄዱ ልኩ ያድጋል፣ ቱቦው ግን ይደርቃል፣ ይሰባበራል፣ በውስጡም የአየር ቀዳዳ ይቀራል። ከቀዳዳው ለመሸሽ የተሠራው ነገር ራሱ ቀዳዳ ይፈጥራል ማለት ነው።

የብረት ቅንጣት ሌላ መንገድ ይከፍታል። ቅንጣቶቹ ሳይነካኩ ሲቀራረቡ ፐርሚቲቪቲው በድንገት ያሻቅባል። ክብ ቅንጣቶች እንዲሁ በዘፈቀደ ተበትነው ከይዘቱ 16 ከመቶ ገደማ ሲደርሱ ግን በንድፈ ሐሳብ እርስ በርስ ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ፤ መከላከያ ይሆናል የተባለው ቁስ ያኔ ራሱ ሽቦ ይሆናል። ረጃጅምና ስስ ቅንጣቶች ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን እዚያው ይደርሳሉ። አሉሚኒየም በዚህ ረገድ ይመረጣል፤ አየር ሲነካው በላዩ የሚፈጠረው የጥቂት ናኖ ሜትር የኦክሳይድ ቆዳ ቅንጣቶቹን ይለያያቸዋል።

ይህ ሁሉ ጥበብ በአንድ የቢላ ጭረት ከንቱ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በጉድጓድ ውስጥ፣ በእጅ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሥራ አይራራም። ፐርሚቲቪቲው 80 የሆነ ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ከቆየ በፖሊኤቲሊኑ ውስጥ ቅርንጫፍ የመሰለ ጉዳት ያበቅላል፤ መሐንዲሶች የውሃ ዛፍ ይሉታል። በአሜሪካና በጃፓን ቀደም ብለው የተቀበሩ ብዙ ኬብሎች ከታሰበላቸው ዕድሜ በፊት የተበላሹት በዚሁ ነው።

ብልሽት ሲደርስ ባለሙያዎች ከኬብሉ ጫፍ የኤሌክትሪክ ምት ልከው ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካሉ። የምቱን ፍጥነት የሚወስነው ያው የፕላስቲኩ ፐርሚቲቪቲ ነው፤ በሰከንድ 170 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ማሚቶው በ2 ማይክሮ ሰከንድ ከተመለሰ ብልሽቱ 170 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። መገጣጠሚያዎቹ የት የት እንደተቀበሩ በካርታ ተመዝግቦ ከሆነ አንድ የእግረኛ ንጣፍ ማንሣት ይበቃል፤ ካልሆነ ግን መንገዱ ዳግመኛ ይቆፈራል።