ለጉባኤው ማን ይጠራ?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ወጣቶች አንድ ነገር እንጀምር ባሉ ቍጥር ከሽማግሌዎች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ተረት ነው። ባለፈው ሳምንት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን በመከታተል ላይ የሚገኝ አንድ ወዳጄ «ስለ ሕፃናትና ስለ ተማሪ ቤት ሥነ ልቡና ጉባኤ ልናደርግ ነውና መጥተህ ዝግጅታችንን ተመልከት» ቢለኝ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ይህንኑ ተረት በልቤ ይዤ ነበር የሄድኩት።

ከቦታው ስደርስ ሰባት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ጉባኤ ማዘጋጀት ከሩቅ ሲያዩት አዳራሽ ይዞ ንግግር ማሰማት ብቻ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በመጀመሪያ ርእሱ ይወሰናል፤ ቀጥሎም ጥናት ያላቸው ሁሉ ዐሳባቸውን በአንድ ገጽ አሳጥረው እንዲልኩ ጥሪ ይደረጋል። የመጣውን ጽሑፍ፣ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ፣ ሁለት ሁለት ሰዎች ያነቡታል። ስሙ የሚሸፈነው ዝምድናና ዝና ፍርድን እንዳያጣምሙ ነው። ከዚያ በኋላ በቃል የሚቀርበውና በግድግዳ ተለጥፎ የሚታየው ይለያል፤ ሰብሳቢ፣ ሰዓት ጠባቂና ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ይመደባል። ሻዩም ዳቦውም የራሱ ሒሳብ አለው። እነዚህ ወጣቶች ይህን ሁሉ የሚሠሩት ከፈተናና ከመመረቂያ ጽሑፍ በተረፈቻቸው ጥቂት ሰዓት ነው።

ክርክር የተነሣው በገንዘቡ ላይ ነበር። ሰብሳቢው «ታላላቅ ሰዎችን ጠርተን ምሳ ካላበላን፣ ለእንግዶቹም ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ካላደልን ጉባኤያችን ጉባኤ አይባልም» አለ። ከፊት ለፊቱ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ግን ወደ ዩኒቨርስቲ ከመመለሷ በፊት አራት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ናትና፣ «በዚያው ገንዘብ ሃያ አስተማሪዎች ከገጠር ተማሪ ቤቶች በአውቶቡስ እናስመጣ» ስትል ተቃወመችው።

«አስተማሪዎቹ መጥተው ምን ጥናት ሊያቀርቡ ነው?» አላት።

«ጥናት አያቀርቡም፤ ጥያቄ ያቀርባሉ» ስትል መለሰችለት።

አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ ግን ለመሣቅ አልቻልኩም። ይህ የተማሪ ቤት ሥነ ልቡና የሚባለው ዕውቀት ራሱ የተወለደው ከአንዲት አስተማሪ ጥያቄ መሆኑ ትዝ አለኝና ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው (የውጭውን አገር ዘመን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በ1896 በአሜሪካ፣ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ ማርጋሬት ማጓየር የምትባል የሕዝብ ተማሪ ቤት አስተማሪ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርስቲ ሥነ ልቡና ትማር ነበር። ከምታስተምራቸው ልጆች መካከል አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ አእምሮው የማያንስ ሆኖ ሳለ፣ ቃላትን በትክክለኛ ፊደላቸው መጻፍ ፈጽሞ አልሆንልህ አለው። አስተማሪዋም ነገሩን ለመምህሯ ለላይትነር ዊትመር አቀረበች። ዊትመር ያን ጊዜ ገና የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው። በጀርመን አገር በላይፕዚግ ዩኒቨርስቲ ዶክተር ተብሎ የተመለሰ ቢሆንም፣ ለዚህ ልጅ የሚሆን መድኀኒት በተማረው ሁሉ ውስጥ አላገኘም። ስለዚህ ልጁን ራሱን አስመጥቶ መረመረው። ከችግሮቹ አንዱ የዐይኑ ሕመም ሆኖ ተገኘ። መነጽር ተደረገለት፤ ለብቻውም በትዕግሥት እንዲማር ሆነ፤ ለውጥም አሳየ። በዚያው ዓመት በዩኒቨርስቲው የተከፈተው የምርመራ ክፍል በዓለም የመጀመሪያው የሥነ ልቡና ክሊኒክ እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ለክሊኒኩ መከፈት ምክንያት የሆነው በታላቅ አዳራሽ የተነበበ ጽሑፍ አልነበረም። አስተማሪም ተማሪም የነበረች አንዲት ሴት ያስጨነቃትን ነገር ሳታፍር በመጠየቋ ነው።

በፈረንሣይም የሆነው ከዚህ የሚርቅ አይደለም። በ1904 የትምህርት ሚኒስቴሩ፣ በመደበኛው ክፍል ትምህርቱን መከታተል ያቃታቸው ልጆች በምን ሊለዩ እንደሚችሉ የሚያጠና ኮሚሲዮን አቋቋመ። ከአባሎቹ አንዱ አልፍሬድ ቢኔ ነበር። ቢኔ አስተማሪዎችና ምሁራን በአንድነት ስለ ልጆች በሚመካከሩበት ማኅበር ውስጥ አስቀድሞ ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። በ1905 ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ ሠላሳ ፈተናዎች ያሉበትን መለኪያ አወጣ። የመለኪያው ዐላማ ለልጁ የሚስማማውን ትምህርት መፈለግ ነበር እንጂ በልጁ ግንባር ላይ ማኅተም መምታት አልነበረም። ቢኔ የልጅ አእምሮ በትምህርት ሊዳብር እንደሚችል በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ ተከራክሯል። ይሁን እንጂ መለኪያው ባሕር ተሻግሮ በሌሎች እጅ ሲገባ፣ ብዙዎች ልጆችን ለዘለቄታው ብልህና ደካማ ብለው ለመመደብ ተጠቀሙበት። በጎ ታስቦ የተሠራ መሣሪያ እንኳ ልጁንና አስተማሪውን ከማያውቅ ሰው እጅ ሲወድቅ እንዲህ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስገርም ሌላ ነገር አለ። በ1883 ስታንሊ ሆል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በቦስተን ከተማ ወደ ተማሪ ቤት የሚገቡ ሕፃናት ምን ምን እንደሚያውቁ በመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች አማካይነት አስጠይቆ ያገኘውን አሳተመ። ከልጆቹ አብዛኞቹ የንብ ቀፎ ምን እንደሆነ አያውቁም። ላምን የማያውቁ እንኳ ተገኝተዋል። የኛ አገር የገጠር ልጅ ይህን ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይሥቃል፤ እርሱ ላሚቱን ብቻ ሳይሆን የላሚቱን እናት ያውቃልና። ነገር ግን ያንኑ ልጅ የአሳንሰር ሥዕል አሳይተን «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ብንፈትነው፣ ያልተመለሰውን ጥያቄ ቈጥረን «አእምሮው ደካማ ነው» ልንል ነውን? እንደዚያ ብንል የለካነው ያደገበትን ሰፈር ነው፤ ልጁን አልለካነውም። የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትምህርት እንዲጀምሩ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ፈተና በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ ለሚያስበው ልጅ እንዳለ ያገለግላል ማለት አይቻልም። ይህን ከሁሉ አስቀድማ የምታየው በክፍሉ ውስጥ የምትውለው አስተማሪ ናት።

የኛ አገር ተማሪዎችም ቢሆኑ ከሕፃናት ጋር በጠመኔ አቧራ ውስጥ የተዋወቁበት ዘመን ነበር። በ1964 በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪዎችን አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየላከ፣ ብዙዎቹን በአስተማሪነት ያሠራ ነበር። ያ ደንብ ዛሬ የለም። የዛሬው ተመራማሪ ወደ ክፍል ካልሄደ፣ ክፍሉ ወደ እርሱ እንዲመጣ ማድረግ ይገባዋል።

እኔ ራሴ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ከጥቁር ሰሌዳው የተጻፈውን አይገለብጥም። ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ይገረፋል፤ ሲገረፍ እኛ እንሥቃለን። ሰነፍ የሚለው ቃል ስሙ ሆነና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ትምህርቱን ተወ። ከብዙ ዘመን በኋላ መንገድ ላይ ባገኘው መነጽር አድርጓል። ለመንጃ ፈቃድ ዐይኑን ሲመረመር ነው ጕዱ የታወቀው። «እኔኮ ሌሎቻችሁ ከሰሌዳው ላይ እንደምታነብቡ አላውቅም ነበር፤ በቃላችሁ የምትጽፉ ነበር የሚመስለኝ» አለኝ። ይህ በሆነበት ጊዜ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን፣ በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። ሕጉ ነበረ። ስለዚያ ልጅ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

የአሜሪካ የተማሪ ቤት ሥነ ልቡና ባለሙያዎች ማኅበር ለአምስት መቶ ተማሪዎች አንድ ባለሙያ ያስፈልጋል ይላል። በኛ አገር በአብዛኛው ተማሪ ቤት እንኳን ለአምስት መቶ፣ ለሁለት ሺሕም አንድ አይገኝም። እንግዲያውስ የልጁን ችግር ቀድማ የምትመለከተው፣ ቀድማም የምትፈርድበት አስተማሪዋ ናት። ጉባኤው ለእርሷ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

በ1954 በአሜሪካ፣ በዌስት ፖይንት፣ ቴየር በሚባለው ሆቴል አርባ ስምንት ሰዎች ስለዚሁ ሙያ ተሰብስበው መክረዋል። ያ ጉባኤ ዛሬም የሚነሣው ስለ ምሳው አይደለም። ባለሙያው ምን ያህል መማርና ምን መሥራት እንዳለበት ቈርጠው፣ በዓመቱ በመጽሐፍ አሳትመው ስለተዉ ነው። የኛዎቹም ወጣቶች ቢሆኑ ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ ከአስተማሪዎቹ የሚሰማው ጥያቄ ሁሉ ተጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት የጥናት ርእስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከየጥናቱ የተገኘው ፍሬ ነገር በቀላል ቋንቋ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለየተማሪ ቤቱ ይላክ። ሦስተኛ፣ ስለ አንድ ልጅ ታሪክ ሲነገር ወላጆቹ ሳይፈቅዱ አይነገር፤ ሲነገርም ስሙና ሰፈሩ ይሠወር። ዛሬ በአዳራሽ ስለ እርሱ የተባለው ነገ ከመንደሩ ሊደርስ ይችላልና።

ስብሰባው ሲመሽ ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለሦስት ሆነ። ቦርሳውና ማስታወሻ ደብተሩ ቀረ። የመጀመሪያው ቀን ጧት ለአስተማሪዎቹ ጥያቄ ተመደበ። ታላላቆቹም ይጠራሉ፤ ነገር ግን ያን ጧት ተቀምጠው እንዲሰሙ ነው። ሰብሳቢው ድምፁ የተሸነፈበት ቢሆንም ሳያኰርፍ ወረቀት ስቦ ለየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚላከውን የጥሪ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ።

ይህን ዓምድ ከሚያነብቡት መካከል በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚሠሩ ወጣት ሹማምንት ይኖራሉ ብለን እናምናለን። ያ ደብዳቤ አንድ ቀን ከጠረጴዛችሁ ላይ ይደርስ ይሆናል። አንዲት አስተማሪም የሁለት ቀን ፈቃድ ልትጠይቅ ትመጣ ይሆናል። አትከልክሏት። ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጠው ልጅ ልትጠይቅ ነው የምትሄደው።